ክርክር፦ የነርስ ተማሪ ሞርፊን ይስጥ ወይስ ቆሞ ይመልከት?

ፋርማሲስቱ (ሸዋ ሮቢት)፦ አይስጥ። ሞርፊን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ቢሆንም ትንፋሽ ያዘገያል፣ መጠኑ ካለፈ ያቆማል። ማዘዣው ላይ «1.0 ሚሊግራም» ተጽፎ ነጥቧ ካልታየች ተማሪው 10 ይወጋል። ሕመም አይገድልም፣ የመጠን ስህተት ግን ይገድላል። ተመርቆ ይስጥ።

ሲስተሯ (ደብረ ብርሃን)፦ «ሕመም አይገድልም»? ይህን የሚለው ዋርድ አድሮ የማያውቅ ሰው ነው። ሆዱን ኦፕራሲዮን የተደረገ በሽተኛ ካመመው በረጅሙ አይተነፍስም፣ አያስልም። አክታው ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይይዘዋል። ይህስ አይገድልም ወንድሜ? ከመንዝ የሚመጡ አባቶች ደግሞ እግራቸው ተሰብሮ እንኳ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ተማሪው ይህን ሰምቶ ቻርቱ ላይ «ሕመም የለም» ይላል። ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ መጠየቅ፣ ሲገላበጡ ፊታቸውን ማየት፣ ይህ ሁሉ የሚለመደው አልጋው አጠገብ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ዋርድ አላድርም። የሞርፊን አምፑል (ብልቃጥ) ሲጎድል ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ይወጣል፣ ይቆለፋል፣ ይመዘገባል። ኢትዮጵያ በ1961 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የናርኮቲክ (እንደ ሞርፊን ያሉ ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች) ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት። ሕግ ነው፣ የእኔ ክፋት አይደለም።

ሲስተሯ፦ የዚያኑ ስምምነት መግቢያ ያንብቡት። ናርኮቲክ መድኃኒት ሕመምን ለማስታገስ የግድ ያስፈልጋል፣ አቅርቦቱም ይረጋገጥ ይላል። እርስዎ መቆለፉን ብቻ ያዙ። «ሕመም አይገድልም» ያሉትንም አላነሱም።

ፋርማሲስቱ፦ ሲስተር፣ አንዲት ቃል ይዘው ለበሽተኛ የማላስብ አስመሰሉኝ። አዝኛለሁ። እሺ፣ ተማሪው ሰጠ እንበል። ከዚያ በኋላ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ የሚቆጥረው ማን ነው? ሞርፊን ሲበዛ የሚመልሰው ናሎክሶንስ ዋርድ ውስጥ አለ?

ሲስተሯ፦ ትንፋሹን ተማሪዬ ትቆጥራለች፣ ከጎኗ እቆማለሁ። ይልቅ ሌሊት ቁልፉ የት ነው? ቁልፉን የያዘው ሰው ቤቱ ተኝቷል። በሽተኛው እስኪነጋ ዲክሎፌናክ የሚባል፣ ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል ሌላ ማስታገሻ ይወጋል፣ ኩላሊቱ የተጎዳው ሳይቀር! ቁልፉን ለተረኛ ነርስ ስጡ።

ፋርማሲስቱ፦ የናሎክሶኑን አልመለሱልኝም። እሱ ዋርድ ሳይገባ፣ ሁለት ሰው ቆጥሮ ሳይፈርም ቁልፍ አልሰጥም።

ሲስተሯ፦ ሁለት ፊርማ? ዛሬ ማታ እንጀምር። ሁለተኛዋ ፈራሚ ተማሪዬ ትሁን።

ፋርማሲስቱ፦ ተማሪ አትፈርምም!