ሰማያዊ የሆነ ፑንታ አይጣልም

ወንድሜ፣ «ፑንታ (የመሰርሰሪያው መብሻ ብረት) ሲሳል ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት፤ እንዳይሆን ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት» ብለሃል። ለድሮው የካርቦን ብረት ልክ ነህ። ሰማያዊው ቀለም የሚመጣው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ እሱ ያኔ ይለሰልሳል። «ኤችኤስኤስ» (HSS፣ ሙቀት የሚችል የብረት ዓይነት) የተጻፈበት ግን እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ጥንካሬውን ይይዛል። እንዲያውም እሱን የሚጎዳው ውሃው ነው። በጣም ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። በአየር ይቀዝቅዝ። (እኔም ስንቱን ደህና ፑንታ ጥያለሁ!)

ተስሎ አልበሳ ካለ ቀለሙን ተወውና ሁለቱን የሚቆርጡ ጠርዞች እያቸው። አንዱ ከረዘመ ቀዳዳው ከልኩ ይሰፋል። ከጠርዙ ጀርባ ያለው ገጽ ዝቅ ካላለ ደግሞ ብረቱን ያሻል እንጂ አይቆርጥም።