በጥሬው ተሰጠን፣ በጥሬው በላን

እንደ እኛ እንደ ቢሮ ሰዎች ለሰማዩ የሚቆረቆር ማን አለ? ባለፈው ሐሙስ ቢሾፍቱ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አውደ ጥናት ተቀምጠን ነበር። ስክሪኑ ላይ አንዲት ላም ታመነዥካለች። አቅራቢው ላም ስታገሳ ሚቴን እንደምትለቅ፣ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ እንደሚያሞቅ አስረዱን። የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2010 እ.ኤ.አ. ለቀቅን ካለው 150 ሚሊዮን ቶን በካይ ጋዝ ውስጥ ከ40 በመቶ በላዩ የከብቱ ድርሻ መሆኑንም ሰማን። ከንፈር መጠጥን። ላሟን በስልካችን ፎቶ አነሳናት።

ከዚያ የምሳ አበል በጥሬው ታደለ። እኛም አደራ አንበላምና፣ በጥሬው የተሰጠንን በጥሬው ልንበላ ማዶ ካለው ሥጋ ቤት ገባን።

ለጥሬው ሁለት ኪሎ ከዳቢት አስቆረጥን፤ ለማሳረጊያ ሸክላ ጥብስ። ይህን ሸክላ ጥብስ የፈጠረ ሰው ይባረክ! ሌላው ዓለም ጭሱን በረጅም ጭስ ማውጫ ሲደብቅ፣ እኛ ፍሙን ከነከሰሉ ገበታ ላይ እናስቀምጠዋለን። ግልጽነት ማለት ይኼ ነው።

አንዱ ባልደረባችን ግን ሊያዋርደን ተነሣ። ሽሮ አዘዘ። በሐሙስ!

አስተናጋጇ እንኳን ደነገጠች። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው። ቦዘና ይሁንልዎ?»

«የጾሙን አምጪልኝ የኔ እመቤት።»

ወዳጅ ለዚህ ቀን ነውና ሁላችንም ተረባረብንለት። «ምነው፣ ሐኪም ከለከለህ?» «ስለት አለብህ እንዴ?» አንዱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ከቸገረህ እኔ እሸፍናለሁ» አለው። እሱ ላሟን አይቶ እንደሆነ ሊያስረዳን ሞከረ። የትኛዋን ላም? እኛማ ረስተናት ነበር።

ደግሞ እኮ ሽሮ አናውቅም አይደለም። ረቡዕ ዕለት ይኸው ቡድን በያይነቱውን ከብቦ፣ ምስሩን ከጎመኑ፣ ክኩን ከሱፍ ፍትፍቱ እያዛነቀ «እንደ ጾም ምግብ ምን አለ!» ሲል ውሏል። ዓርብም ይደግመዋል። ፈረንጁ በስንት ሰበካ ሊለምደው የሚታገለውን ምሳ እኛ በልጅነታችን ጨርሰነዋል። ትልቅነታችን ታዲያ ምኑ ላይ ነው? ረቡዕ ሳናውቀው ለሰማዩ ያበደርነውን፣ ሐሙስ አውቀን ከነወለዱ ማስመለሳችን ላይ! ያለ ጾም ሽሮ መብላት ያለ ኀዘን ጥቁር እንደ መልበስ ነው፤ ሰው ምን ይላል? (የገጠሩ ወገናችን ሥጋ የሚያየው ከበዓል በዓል፣ ያውም ቅርጫ ከደረሰው ነው። እሱ በዚህ ውድድር ስላልተመዘገበ ይቅርታ ተደርጎለታል።)

ስትራቴጂው እንኳ ቢጨንቀው፣ በሬውን ተዉት ማለት ስላልደፈረ፣ በ2030 እ.ኤ.አ. ከምንበላው ሥጋ የዶሮ ድርሻ 30 በመቶ ይድረስ ብሎ ለምኖን ነበር። ዶሮ! አሥራ ሁለት ብልት አስቆጥረን በዓል የምናከብርባትን፣ ለተራ ሐሙስ?

ተጋቢኖው ከነድስቱ እየተንተከተከ መጣ። ሽታው ጥብሱን አስንቆ ቤቱን ሞላው። «እስኪ እንዳይከፋው እንቅመስለት» አለ አንዱ። ቀመስንለት። ስድስት እጅ ቀመሰለት። ሰውየው ሦስተኛ ጉርሻውን ሳያነሳ የድስቱ ወለል ታየ፤ እኛም ለጨዋታ ያህል «እንዴት ያለ ሽሮ ነው!» እያልን ጣታችንን ላስን። ጥሬው ላይ ዝንብ ያርፍ ጀመር።

ሒሳብ ሲመጣ በወንድማማችነት እኩል ተካፈልን። ሽሮ የበላም፣ ዳቢት የበላም አንድ ነው፤ በመካከላችን ልዩነት የለም።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ርዕስ «የአየር ንብረት ፍትሕ» የሚል ነበር፦ ጥቂት የበከለችው አፍሪካ ብዙ የበከሉትን ዕዳ ለምን ትከፍላለች? እጅግ ተቆጣን። አንዱ እንዲያውም ጥርሱን እየጎረጎረ ተነሥቶ «ይኼ ግፍ ነው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሽሮው ሰውዬ ብቻ ከኋላ ወንበር ላይ ደረሰኙን እያጣጠፈ አላጨበጨበም።