ድህነት ልጅ አያስነጥቅም

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤትህ ከገባ፣ ድህነትህን አይቶ ልጅህን ማሳደጊያ ያስገባዋል፣ ከዚያ ውጭ አገር ይልኩታል» ብለሃል። ይሄ የቡና ላይ ወሬ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤቱ ለመለየት ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከዚያ በፊት አያት አለች፣ አክስት አለች።

ባለሙያው ሲመጣ የሚያየው ሌላ ነው። ልጁ ይበላል? ይማራል? እናትየው ታማ ይሆን? ደብተር የጎደለው ልጅ የሚያስፈልገው ደብተር ነው፣ ሌላ ቤት አይደለም። ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይገቡበታል።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል።

(በነገራችን ላይ ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ። ጎጃም ውስጥ አኩፋዳ (የምግብ መለመኛ ከረጢት) ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ አይደለም።)

እና እባክህ፣ የተቸገረች ጎረቤትህን አታስፈራራት። ቀበሌ ሄዳ ትጠይቅ።