አቤት ሳይሉ ፍርድ መጠበቅ፦ ለቺካጎ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ሊያሰኛችሁ ይችላል፤ ቅር ይበላችሁ። ብሮድዌይ መንገድ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የፖሊስ ነገር ይነሳል። አንዱ ያማርራል፣ አንዱ ይራገማል፣ አንዱ ደግሞ «እነሱን ማን ይነካቸዋል» ብሎ ይዘጋዋል። በአቦሉ የተቆጣው ሰው በረካው ሳይደርስ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ይጀምራል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «እንግዲያውስ አቤቱታ ልጻፍ» ብሎ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው አላየሁም።

ያልተጻፈው አቤቱታ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? እዚያው ባለ ኮከቡ ፖሊስ የግል ማህደር ውስጥ ባዶ ገጽ ሆኖ ይቀመጣል። ሳጅን ወይም ሌተናንት የሚሾምበት ወቅት ሲደርስ አለቆቹ ማህደሩን ይገልጡታል። ባዶ ነው። «ምንም ክስ የለበትም» ይላሉ፤ አልዋሹም። ነጩን ገጽ ያበረከትንለት እኛ ነን። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ይሾሙታል!» ብለን የምንጮኸውም እኛው ነን።

«ጽፎስ ምን ተገኘ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ የፖሊሱን የጆን በርጅን ነገር ላንሳላችሁ፤ በቺካጎ የኖረ ሰው ይህን ስም ሳያውቅ ቢቀር ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት ፖሊሶችን ገድሏል ተብሎ የተያዘ ሰው በምርመራ ላይ ተሰቃየ። የእስር ቤቱ የሕክምና ኃላፊ ያየውን ጉዳት ዘርዝሮ ለከተማው ፖሊስ የበላይ አዛዥ ደብዳቤ ጻፈ። ምርመራውን ይመሩ ከነበሩት አንዱ በርጅ ነበር። ውጤቱስ? በርጅ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ማዕረጉ አድጎ ኮማንደር ሆነ። እዚህ ላይ ካቆማችሁ ልክ ናችሁ፣ ጽሑፍ ከንቱ ነው። ነገር ግን ሰዎች አላቆሙም። ከሰሱ፣ መሰከሩ፣ ሰልፍ ወጡ፣ እንደገና ከሰሱ። በርጅ በ1991 ታገደ፤ የፖሊስ ቦርዱም በየካቲት 1993 አባረረው። በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ በማሰቃየቱ አይደለም፣ የዚያ የክስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ በመሐላ ዋሽቶ በመገኘቱ ነው። ጡረታውን ግን አልነኩበትም። የጡረታ ቦርዱ አራት ለአራት ተከፍሎ ገንዘቡ እንደ ቀድሞው ቀጠለለት። በ2015 ከተማዋ ለተጎጂዎቹ የ5.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ስትመድብ ከዚያ ደብዳቤ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ዘግይቷል፤ አዎን፣ እጅግ ዘግይቷል። ግን ያ ሐኪም ደብዳቤውን ባይጽፍ ኖሮ በኋላ የመረመሩት ሰዎች «አለቆቹ አልሰማንም ሊሉ አይችሉም» የሚሉበት ወረቀት ከየት ይገኝ ነበር?

በፖሊስ ጥይት የተገደለው የላኳን ማክዶናልድስ ጉዳይ? በጥቅምት 2014 አሥራ ስድስት ጊዜ የተኮሰበት ፖሊስ ከዚያ ቀን በፊት ወደ ሃያ የሚጠጉ አቤቱታዎች ቀርበውበት ነበር። አንዱም ቅጣት አላስከተለም። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በጥር 2017 ባወጣው ሪፖርት በአምስት ዓመት ውስጥ ከቀረቡት ከ30,000 በላይ አቤቱታዎች ትክክለኛነታቸው የተረጋገጠው ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ ጽፏል። ይህን ቁጥር ስትሰሙ «አላልኩም?» ለማለት አትቸኩሉ፤ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ከአቤቱታዎቹ ብዙዎቹ ምርመራ እንኳ ሳይጀመርባቸው የተዘጉት አቤት ባዩ በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ፈርሞ ስላልሰጠ ነው። ፊርማ! እኛ ደግሞ ፊርማን እንዴት እንደምንፈራ ራሳችንን እናውቃለን። ወረቀት ላይ ስሙን ያሰፈረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ትምህርት ነው፤ ፍርሃቱን አልነቅፈውም። ግን የኢሊኖይ ሕግ በ2021 ያንን የመሐላ ግዴታ አስቀርቶታል። ስሙን ሳይገልጽ አቤት የሚልም ይሰማል። ሰበባችን ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን አሁንም በእሱ እንምላለን።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ያሳደጉን ሰዎች የሚኖሩበትን ዘመን ያውቁ ነበር። እናንተ ግን በምትኖሩበት ከተማ የሚከሰስበት ቦታ አለ፤ በ1960 ፖሊሶች ከሌቦች ጋር ሆነው ሲዘርፉ ከተጋለጡ በኋላ የቆመ፣ ዘጠኝ አባላት ያሉት የፖሊስ ቦርድ። በየወሩ በአደባባይ ይሰበሰባል፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ነዋሪም ይናገራል። አሠራሩ ይህ ነው፦ በ2017 የተቋቋመው ከፖሊስ ውጭ ያለ መርማሪ ቢሮ ጉዳዩን አጣርቶ ቅጣት ይጠይቃል። የበላይ አዛዡ ካልተስማማ ከቦርዱ አንድ አባል ልዩነቱን ይመለከታል፤ አዛዡ ማሳመን ካልቻለ የቢሮው ሐሳብ ይጸናል። ከበድ ያለው፣ መባረር የሚያስከትለው ጉዳይ ምስክር ከተሰማበት በኋላ ሙሉ ቦርዱ ድምፅ ይሰጥበታል። በማክዶናልድ ሞት ያልሆነውን ሆነ ብለው የጻፉ አንድ ሳጅንና ሦስት ፖሊሶች በሐምሌ 2019 የተባረሩት በዚህ ቦርድ ነው። በ2019 የተሳሳተ ቤት ሰብረው የገቡበትን፣ አንዲት ሴት ራቁቷን በካቴና የቆመችበትን ዘመቻ የመራውን ሳጅንም በ2023 አባርሯል፤ አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ። በሁለት ድምፅ ልዩነት ያለቀ ነገር ነው።

ስለ ሹመት ካነሳን፣ በዚህ ከተማ ከፈተና ውጤት ይልቅ በአለቆች ጥቆማ የሚሰጥ የማዕረግ እድገት ለረጅም ጊዜ ነበር። «በብቃት» ይሉታል። ብዙ ፖሊሶች ራሳቸው የሚያውቁትን ሰው ማንሻ ነው ብለው ያሙት ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ላይ ጊዜያዊው አዛዥ አስቁመውት ነበር። በዘመድና በጥቆማ ስለሚገኝ ሹመት ለኛ ማስረዳት አያሻም። የሚያስገርመኝ በአገር ቤት ያን ሁሉ ያየን ሰዎች እዚህ ስናየው ዓይናችንን መጨፈናችን ነው።

በ2023 ደግሞ ነዋሪው በየፖሊስ ቀጠናው ሦስት ሦስት የምክር ቤት አባላትን መረጠ፤ በ22 ቀጠናዎች 66 ሰው ማለት ነው። የመረጣችሁት የቀጠናችሁን ሰው ስም ንገሩኝ እስኪ። አንዱን ብቻ። እኔ ይህን ጥያቄ ለሃያ ሰው አቅርቤ ሃያ ትከሻ ሲነቀነቅ አይቻለሁ። የፖሊሶቹ ማኅበር ግን አይተኛም። ከባድ ክሶች ከቦርዱ ወጥተው በግልግል ዳኛ በዝግ እንዲታዩ ታገለ፤ የከተማው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገው። በመጋቢት 2024 የፍርድ ቤት ዳኛ ግልግሉን ፈቅደው በሩ ግን ክፍት ይሁን አሉ። ማኅበሩ የአባላቱን ጥቅም ማስከበሩ ሥራው ነው፤ አልወቅሰውም። ወቀሳዬ ክፍቱን በር ለማንገባበት ለእኛ ነው።

ደግሞ ስትጽፉ እውነቱን ብቻ ጻፉ። ያልሆነውን የሚጨምር፣ ከጎረቤት የሰማውን ያየሁት ነው የሚል አቤት ባይ ለጥሩው ፖሊስ ጠላት፣ ለመጥፎው ጠበቃ ነው። ቦርዱ ንጹሑን ነጻ ለማውጣትም የተቀመጠ ነው።

እኔስ? ከዓመታት በፊት፣ ወደዚህ ሳልመጣ፣ በሌላ ከተማ ታክሲ ስነዳ ሰነዶቼን መሬት ላይ ወርውሮ «ልቀማቸው» ያለኝ ፖሊስ ነበር። በጉልበቴ ተንበርክኬ ለቀምኳቸው። ቁጥሩን አልያዝኩም፣ ቀኑን አልጻፍኩም፣ ለማንም አላልኩም። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ አደርኩ። በዚያ ጦም ከእኔ በኋላ ስንቱ እንደተንበረከከ አላውቅም፤ የማውቀው ማህደሩ ላይ የእኔ ስም አለመኖሩን ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሲደርስባችሁ ደረቱ ላይ ያለውን የኮከብ ቁጥር፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና መንገዱን ያዙ። ሳትዘገዩ ጻፉ፤ በሕጉ የፖሊሱ ካሜራ የቀረጸው ምስል አቤቱታ ካልቀረበበት ከ90 ቀን በኋላ ሊጠፋ ይችላል፤ ከቀረበበት ግን ሁለት ዓመት ይቆያል። በአራተኛው ወር «ካሜራው ይመስክር» ብትሉ ካሜራው ረስቶታል።

እንግሊዝኛዬ አይበቃም የሚል ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቡናው የሚፈላበት ቤት አለሁ። ቅጹን አብረን እንሞላለን። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው የመጣችው አንዲት እናት የእኔን ወስዳ ሄዳለች።