ማስተካከያ፦ ስለ ፌስፓኮና ስለ አኒሜሽን ሥልጠናዎች

በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ ስለሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል፣ ስለ ፌስፓኮ፣ ሰሞኑን ሲዞር የነበረው መረጃ መታረም አለበት። በየዓመቱ ይካሄዳል ተብሏል፤ አይደለም። በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚካሄደው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ተካሂዶ ነበር። ስለዚህ በፌስቲቫሉ በየዓመቱ ሥልጠና አለ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከአሁኑ ይወቀው።

ሌላው የአኒሜሽኑ ነገር ነው፣ ብዙ ጀማሪ የሚያስፈራውም ይሄ ነው። ለአንድ ሰከንድ የግድ 24 ሥዕል መሣል አለባችሁ ተብሎ ተጽፏል። 24 የፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ ውስጥ ስክሪን ላይ ተከታትለው የሚታዩት ምስሎች ብዛት ነው እንጂ የሚሣለው ሥዕል አይደለም። ብዙ አኒሜተሮች አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ያቆዩታል፣ ስለዚህ 12 ሥዕል ይበቃል፤ እንቅስቃሴው በጣም ፈጣን ሲሆን ብቻ ወደ 24 ይኬዳል። ውድ ኮምፒውተርም የግድ አይደለም። በስልክ፣ በወረቀትና በጭቃ የሚሠራ አኒሜሽን አለ፤ እኔ እንደውም ለጀማሪ እሱን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም እጅ ጊዜን መቁጠር የሚለምደው እዚያ ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደው «በ2009» የሚለውን ብዙዎች በእኛ አቆጣጠር ወስደውታል። የፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ 2001 ዓ.ም.።

አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ ተዘሏል፦ ፌስፓኮ ላይ ውይይቶቹ በብዛት በፈረንሳይኛ ናቸው። ለመሄድ የምታስቡ ከመመዝገባችሁ በፊት አስተርጓሚ መኖሩን አዘጋጆቹን ጠይቁ።