ማስተካከያ፦ ኤዲፐስን ያሳወረው አፖሎ አይደለም

ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ተውኔት ቀደም ሲል በጻፍኩት ጽሑፍ፣ የግሪኮች አምላክ አፖሎ ኤዲፐስን በቅጣት አሳወረው ብዬ ነበር። ስህተት ነው። የተውኔቱን ቃል ተመልሼ አንብቤዋለሁ። መልእክተኛው እንደሚተርከው፣ ኤዲፐስ ታንቃ የሞተችውን እናቱንና ሚስቱን ዮካስታን ከተንጠለጠለችበት አወረዳት፤ ከልብሷ ላይ የወርቅ መርፌዎቹን ነቅሎም የገዛ ዓይኖቹን ደጋግሞ ወጋ። የተውኔቱ መዘምራን ሲጠይቁት መከራውን ያመጣበት አፖሎ መሆኑን፣ የመታው እጅ ግን የራሱ ብቻ እንደሆነ ይመልሳል።

ስለዚህ «ኤዲፐስ አንዳች ምርጫ አልነበረውም» ያልኩትም አይጸናም። በዴልፊ፣ በአፖሎ ቤተ መቅደስ የተነገረው ትንቢት አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ የሚል ነበር። ዕውሩ ነቢይ ቲሬስያስ መታወሩን አስቀድሞ ቢናገርም፣ ኤዲፐስ መርፌውን ያነሳው እውነቱን ካወቀ በኋላ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው። ያንን አንቀጽ አውጥቼዋለሁ፤ ጽሑፉን ያጋራችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።