ለጀማሪ ተርጓሚ ግምገማ ይቅደም

የአማርኛ ዊኪፔዲያን ስንከፍት ከጽሑፉ ውጭ የምናያቸው ቃላት፣ ማለትም የመግቢያው ቁልፍ፣ የፍለጋው ሳጥን፣ ለውጥ ስናስቀምጥ ብቅ የሚለው ማሳሰቢያ፣ በአብዛኛው የሚተረጎሙት እዚያው ዊኪፔዲያ ላይ አይደለም። ለዚህ ሥራ ትራንስሌትዊኪ የሚባል ራሱን የቻለ ዊኪ አለ። ፊንላንዳዊው ኒክላስ ላክስትሮም ቤታዊኪ በሚል ስም የጀመረው ይህ ዊኪ፣ ዊኪፔዲያ የሚሠራበትን ሚዲያዊኪን፣ የነጻውን የዓለም ካርታ የኦፕንስትሪትማፕን ድረ ገጽ፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚጽፍበትን ኢተርፓድን፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስንና ሌሎች ክፍት ሶፍትዌሮችን ወደ ብዙ ቋንቋዎች ለመተርጎም ያገለግላል። ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው ሶፍትዌር በመሥራት የሚሳተፍበት ከዚህ የቀለለ በር ማግኘት ይከብዳል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች እዚህ ዊኪ ላይ ሲመዘገቡ ያልተተረጎመ መልእክት (በሶፍትዌሩ ቁልፍ፣ ርዕስ ወይም ማሳሰቢያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ) ፍለጋ ከመሮጣቸው በፊት ሌሎች የተረጎሙትን ይገምግሙ። በየዩኒቨርሲቲውና በየማኅበሩ የትርጉም ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎችም ጊዜያቸውን በዚሁ መልክ ያከፋፍሉ።

አዲስ ሰው አካውንት ሲከፍት የመተርጎም ሙሉ ፈቃድ ወዲያው አይሰጠውም። የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች ይመርጣል፤ ከዚያ ጥቂት የሙከራ መልእክቶችን ይተረጉማል። አስተዳዳሪዎች ሙከራውን አይተው ካመኑበት ተርጓሚ ያደርጉታል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል፤ ለእኔ ግን ተገቢ ነው። አስተዳዳሪዎቹ አማርኛ ባይችሉ እንኳ የተርጓሚውን ጥንቃቄ በመልእክቱ ውስጥ ካሉት እንደ $1 ያሉ ምልክቶች አያያዝ ሊያውቁ ይችላሉ።

ተርጓሚው ፊት የሚቀርበው የሥራ ገጽ በግራ የእንግሊዝኛውን መልእክትና መጻፊያ ሳጥን፣ በቀኝ ደግሞ የመልእክቱን ማብራሪያ ይዟል። ማብራሪያውን የሚጽፈው ኮዱን የሠራው ዴቨሎፐር ነው፤ በሲስተሙ ውስጥ ኪው-ኪው-ኪው (qqq) በሚል ኮድ እንደ አንድ ቋንቋ ተቆጥሮ ይቀመጣል። ጀማሪ ከሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ማብራሪያ ከመዝለል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእንግሊዝኛ «እይታ» እና «ተመልከት» የሚሉትን ሁለቱንም አንድ ቃል ሊገልጻቸው ይችላል። ቃሉ ቁልፍ ላይ የሚወጣ ትእዛዝ ይሁን ወይም የዝርዝር ርዕስ የሆነ ስም፣ ቃሉን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። ማብራሪያው ግን «ይህ የገጽ ትር ስም ነው» ወይም «ይህ ቁልፍ ነው» ብሎ ይነግርሃል። ማብራሪያው ባዶ ወይም ግልጽ ያልሆነ ከሆነ መገመት አያስፈልግም፤ እዚያው የጥያቄ መጠየቂያ ቁልፍ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ምልክቶቹ ይመጣሉ። መልእክቱ ውስጥ $1፣ $2 የሚሉት ሶፍትዌሩ በኋላ በስም፣ በቁጥር ወይም በቀን የሚተካቸው ቦታ ያዦች ናቸው። ተርጓሚው አንዱን ቢረሳ ሲስተሙ ያስጠነቅቀዋል። ሲስተሙ የማያየው ግን በአማርኛ ሰዋስው ላይ የሚደርሰውን ነው። «$1ን ሰርዝ» ብለህ ብትጽፍ ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ሆኖም በ$1 ቦታ ረጅም የፋይል ስም ሲገባ «ን» መጨረሻው ላይ ተለጥፋ ትቀራለች፤ አንባቢው የፋይሉ ስም አካል ትመስለዋለች። «$1 የተባለውን ፋይል ሰርዝ» ቢባል ግን የሚገባው ስም ምንም ይሁን ምን ዓረፍተ ነገሩ አይበላሽም። ቃል ቢበዛም ይህ ይሻላል።

እንደ ቁጥሩ የነጠላውን ወይም የብዙውን ቅርጽ የሚመርጠው የብዙ ቁጥር ማዘዣ ከሁሉም ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። በጥንድ ቅንፍ ውስጥ ፕሉራል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ይቀመጣል (እሱ አይተረጎምም)፤ ከዚያ የነጠላውና የብዙው ቅርጽ በቋሚ መስመር ተለይተው ይከተላሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቅርጽ ለ1 ብቻ የሚያገለግል ይመስለዋል። ሚዲያዊኪ የሚከተለው ሲኤልዲአር የተባለው ዓለም አቀፍ የቋንቋ መረጃ ስብስብ ግን ለአማርኛ ያስቀመጠው ደንብ 0ንም 1ንም በነጠላው ቅርጽ ውስጥ ያስገባል። እንግሊዝኛው እንዲህ አይደለም። ስለዚህ በነጠላው ቦታ «አንድ መልእክት አለዎት» ብሎ በፊደል የጻፈ ተርጓሚ፣ ምንም መልእክት ለሌለው ሰው ጭምር አንድ መልእክት እንዳለው ነገረው ማለት ነው። መፍትሔው ቁጥሩን በ$1 መተው፣ ወይም ለዜሮ «0=ምንም መልእክት የለም»፣ ለአንድ ደግሞ «1=አንድ መልእክት አለዎት» ብሎ ለየብቻ መጻፍ ነው። ሚዲያዊኪ ሁለቱንም ይቀበላል። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ልማድ የሚያነብ ሰው ስህተቱን አያየውም፤ የሚታየው ዜሮን አስገብቶ ለሚሞክር ገምጋሚ ነው።

ጾታም በአማርኛ የማይታለፍ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛው «እገሌ ገጹን አንቀሳቀሰ» ሲል ግሡ ጾታ አይለይም፤ የእኛ ግን «አንቀሳቀሰ» ወይም «አንቀሳቀሰች» ማለት ግድ ይለዋል። የጾታ ማዘዣው ሦስት ቅርጾችን በቅደም ተከተል ይቀበላል፦ ወንድ፣ ሴት፣ ያልታወቀ። አካውንት ከፍቶ ቅንብሩን ያልነካ ተጠቃሚ ሁሉ የሚገባው በሦስተኛው ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ለአንባቢ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሦስተኛው ካልተጻፈ ሲስተሙ የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ሴቷም በወንድ ትጠራለች። አማርኛ ለዚህ የታደለ ቋንቋ ነው፤ «አንቀሳቀሱ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ለሁለቱም ይሆናል። በሦስተኛው ቦታ እሱን ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

አንዲት ቃል ብቻዋን ምን ያህል ጉዳት እንደምታደርስ ለማየት የወራት ስሞችን እንውሰድ። በሚዲያዊኪ ውስጥ ለእያንዳንዱ ወር ሙሉ ስም፣ አገናዛቢ ቅርጽና አጭር ስም የሚሆኑ የተለያዩ መልእክቶች አሉ። አንድ ቅን ተርጓሚ «ጃንዩወሪ ባዕድ ቃል ነው» ብሎ በ«ጥር» ቢተካው ሶፍትዌሩ የዘመን አቆጣጠሩን አይቀይርም፤ የሚቀይረው ስሙን ብቻ ነው። ጃንዩወሪ 1 ላይ የተሠራ ለውጥ «ጥር 1» ተብሎ ይታያል፤ እውነተኛው ቀን ግን በአብዛኛው ታኅሣሥ 23 ነው። ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጆቹ እንደሆነ ይቀራል። በአንዲት ቃል ምክንያት የእያንዳንዱ ገጽ ታሪክ፣ የእያንዳንዱ ፊርማ ቀን ይዛባል። ስለዚህ የወራት ስሞች እንደ ፈረንጆቹ አጠራር መቆየት አለባቸው፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ማስገባት የዴቨሎፐር ሥራ እንጂ የተርጓሚ አይደለም።

ወጥነትን በአጭሩ ልንካ። «ገጽ» እና «ገፅ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ቀድሞ የተተረጎመውን እየፈለገ ሐሳብ ለሚያቀርበው የትርጉም ማኅደር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት መተካትም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን ቢመሳሰልም ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ትእዛዞች ላይ ደግሞ አንዱ ቁልፍ «አስቀምጥ» ጎረቤቱ «ይሰርዙ» ሲል ይታያል። እኔ በአክብሮቱ «ያስቀምጡ» አደላለሁ፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናልና። ሌላው «ማስቀመጫ» ቢል አልጣላውም። የሚያስከፋው በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም ማየት ነው።

የተተረጎመው ወዴት ይሄዳል? ሮቦት የሚባል በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም በየጊዜው ትርጉሞቹን ሰብስቦ ወደ ሶፍትዌሩ ኮድ ይልካቸዋል። የዊኪፔዲያ ሰርቨሮች አዲሱን ኮድ የሚያገኙት በሳምንታዊ ዑደት ነው፤ በተለመደው ሳምንት ማክሰኞ በሙከራ ዊኪዎች ይጀምርና ሐሙስ ዊኪፔዲያዎች ይደርሳቸዋል። ማክሰኞ ከሚዘጋጀው ቅጂ ያመለጠ እርማት የሚቀጥለውን ሳምንት ይጠብቃል። ኮድ የሚያውቁ ጀማሪዎች አንዳንዴ ይህን ለማሳጠር የአማርኛውን ፋይል በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ያርማሉ፤ ሮቦቱ በሚቀጥለው ዙር ሊደመስሰው ስለሚችል ድካማቸው ከንቱ ይሆናል። በአማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ አስተዳዳሪ መልእክቱን በቦታው እንዲተካ ማድረግም ይቻላል። ነገር ግን ያ እርማት መዝገበ ቃላት ለሆነው ለአማርኛ ዊክሽነሪ አይደርስም፤ እንግሊዝኛው ሲለወጥም የቀድሞው ትርጉም ማንም ሳያስተውለው አርጅቶ ይቀራል። ትራንስሌትዊኪ ላይ ግን የእንግሊዝኛው ምንጭ ሲቀየር ትርጉሙ ጊዜው እንዳለፈበት ምልክት ይደረግበታል፤ የተለወጠውም ቦታ ተለይቶ ይታያል።

ግምገማ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው። ዊኪው ተርጓሚ የራሱን ሥራ ራሱ እንዲያጸድቅ አይፈቅድም፤ ሁለተኛ ሰው አይቶ «ተቀበል» ማለት አለበት። መልእክቱ ግን ሳይገመገምም ወደ ሶፍትዌሩ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚ በሌለበት ቋንቋ የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ሁሉ ለሕዝብ ይደርሳል። ለመገምገም የተቀመጠ ጀማሪ ደግሞ ማብራሪያውን ከትርጉሙ ጋር ማስተያየት ይገደዳል፤ ሌሎች የመረጧቸውን ቃላት ይለምዳል፤ የብዙ ቁጥርና የጾታ ማዘዣዎችን በተግባር ያያል። በኋላ ሲተረጉም እነዚያን ስህተቶች አይደግምም።

በአንድ ቀን ዘመቻ ይህን ያህል መቶ መልእክት ተረጎምን የሚል ሪፖርት ብዙም አያስደስተኝም። ከሳጥኑ ጎን የማሽን ትርጉም ስለሚቀርብ፣ ያንን እየጫኑ ኮንትሮልና ኢንተር በመምታት ወደሚቀጥለው ማለፍ ቀላል ነው። ያልተተረጎመ መልእክት በእንግሊዝኛ ይታያል፤ ጉድለቱም ይታወቃል። በስህተት የተተረጎመ መልእክት ግን ተጠናቋል ተብሎ ይቆጠራል፤ ያልተተረጎሙትን ብቻ የሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ ማንም አይመለስበትም።

ዴቨሎፐሮችም ድርሻ አላቸው። በሚዲያዊኪ ማብራሪያ የሌለው አዲስ መልእክት የያዘ ኮድ በአውቶማቲክ ፍተሻ ይወድቃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍተሻው የማብራሪያውን ጥራት ግን አይለካም። «$1 የተጠቃሚ ስም ነው፤ ለጾታ ያገለግላል» የምትል አንዲት መስመር ለአማርኛ ተርጓሚ ትልቅ እገዛ ናት። ዓረፍተ ነገርን በሦስት መልእክት ቆራርጦ ኮድ ውስጥ መቀጣጠል ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ለሚመጣ ቋንቋ መፍትሔ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ተርጓሚ አጣምሞ ከመተርጎም ይልቅ ለዴቨሎፐሮቹ ያሳውቅ፤ ኮዱ ሲስተካከል በተመሳሳይ ችግር ያሉ ሌሎች ቋንቋዎችም ይጠቀማሉ።

ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሰዎች የምመክረው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ለግምገማ ስጡ። ሁለት ሁለት ሰው አንድ ላይ ይቀመጥ፤ በብዛት የሚታዩትን የሚዲያዊኪ መልእክቶች የያዘውን ቡድን ይክፈት፤ አንዱ ትርጉሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌላው ማብራሪያውን ይመልከት። የተስማሙበትን ቃል በአማርኛው የቋንቋ ገጽ ላይ ካለው መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ ከሌለ ይጨምሩበት። ያልተተረጎሙትን ከሰዓት በኋላ ይጀምሩ።